ጥርሱ ከየት መጣ?
ለጣና ሐይቅ አንድ አዳኝ ዓሣ «ፈጥሬ» የተማርኩት

ባለፈው ሴሚስተር በዝግመተ ለውጥ ኮርስ አንድ ለየት ያለ አሳይመንት ተሰጠን። «አሁን በአገራችን ካለ አንድ እንስሳ ተነሡና ወደፊት ሊመጣ የሚችል ዝርያ ፍጠሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን የአካል ክፍል ከየት እንዳመጣችሁት አስረዱ» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ነጻ ማርክ የተሰጠን መስሎኝ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ በጣና ሐይቅ የሚኖር አንድ አስፈሪ አዳኝ ዓሣ ሣልኩ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ አፉ እንደ አዞ፣ ጥርሱ እንደ ጅብ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ እሾህ የተደረደረበት ነው። ጓደኞቼ ሲያዩት «ዋው!» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ በማግስቱ ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

መምህራችን መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ ተመለከቱትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ሥዕሉ ጥሩ ነው። ለመሆኑ ጥርሱ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ያቺ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አደረች። ይህ ጽሑፍ መልሷን ፍለጋ የሄድኩበትን መንገድ ለእናንተ ለማካፈል የተጻፈ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምናባዊ ዝግመተ ለውጥ ሲባል

ያልነበሩ እንስሳትን በሳይንስ ሕግ እየመዘኑ መፍጠር ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ብዙዎች በምሳሌነት የሚያነሡት ዱገል ዲክሰን የተባለውን ስኮትላንዳዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። በ1981 ባሳተመው «አፍተር ማን» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የሰው ልጅ ከምድር ከጠፋ 50 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚኖሩ እንስሳትን ሣለ። ከእነሱ አንዱ ከፔንግዊን የተገኘ፣ በባሕር ውስጥ የዓሣ ነባሪን ቦታ የያዘ ግዙፍ ፍጥረት ነው። እንስሳው የዓሣ ነባሪን ቦታ ቢይዝም ዓሣ ነባሪ አልሆነም። ምግቡን ከውኃ የሚያጠልለው ከፔንግዊን አያቱ በወረሰው ምንቃር ነው።

እንግዲህ የዘርፉ ሕግ ይኸው ነው። ዝግመተ ለውጥ ገበያ ወጥቶ አዲስ ዕቃ አይገዛም፤ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ዕቃ እየጠገነ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰው «እንስሳ ፈጠርኩ» ሲል መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ያስፈራል?» ተብሎ ሳይሆን «ከምን ተነሥቶ እዚህ ደረሰ?» ተብሎ ነው። የእኔ ባለ ጥርስ ዓሣ በዚህ ጥያቄ ወደቀ።

ለምን ጣና?

ሥዕሉን ቀድጄ እንደገና ስጀምር መጀመሪያ ያደረግኩት ስለ ሐይቁ ማንበብ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ማለትም ሰፊ ሰሐን እንጂ ጥልቅ ጉድጓድ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ግድግዳ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። በመሆኑም በታችኛው የዓባይ ተፋሰስ የሚታወቀው ትልቁ አዳኝ፣ የናይል ፐርች፣ ጣና ውስጥ የለም።

ታዲያ አዳኝ በሌለበት ቤት ማን አዳኝ ሆነ? መልሱ በጣም ያስገርማል። ዓሣ አስጋሪዎች «ነጭ ዓሣ» የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቤኦባርበስ የሚባለው ወገን ነው። ይህ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው። የካርፕ ዘመዶች በአብዛኛው ጭቃ የሚጭሩ፣ ነፍሳትና ዕፅዋት የሚለቅሙ ጭምቶች ናቸው። በጣና ግን የተለየ ነገር ሆነ። በ1973 የተደረገ የአመዳደብ ጥናት የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሦች ሁሉ በአንድ ዝርያ ስም ጠቅልሏቸው ነበር። በ1990ዎቹ ግን ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ሲለኳቸው 15 የተለያዩ ዝርያዎች ለዩ። ከ15ቱ ውስጥ ደግሞ 8ቱ ዓሣ በሊታ ናቸው! ስሞቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ፦ ማክሮፍታልመስ «ዓይነ ትልቅ»፣ ሜጋስቶማ «አፈ ትልቅ»፣ ሎንጊሲመስ «እጅግ ረጅም» ማለት ነው።

ሌላው የገረመኝ የጊዜው ነገር ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል ተመርምሮ በ2007 በወጣው ጥናት መሠረት ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ዛሬ በሐይቁ ውስጥ ተከፋፍለው የሚኖሩት 15ቱ ዝርያዎች አሁን ባለው ሐይቅ ውስጥ ቤት የሠሩት በዚህ አጭር ጊዜ ነው ማለት ነው። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ይህ የትናንት ማታ ያህል ነው።

ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ እንመለስ። የካርፕ ዘመዶች በሙሉ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ የነጭ ዓሣ አፍ ከፍታችሁ ጣታችሁን ብታስገቡ ትረዱታላችሁ፤ ድዱ ለስላሳ ነው። በላብራቶሪ በብዛት የሚጠናው ዜብራፊሽም የዚሁ ወገን ነው፤ የእነዚህ ዓሦች የጋራ ቅድመ አያት የመንጋጋ ጥርሱን ያጣው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ቤልጂየማዊው የቅሪተ አካል ሊቅ ሉዊ ዶሎ በ1890ዎቹ እንዳስተማረው፣ በዝግመተ ለውጥ ሙሉ በሙሉ የጠፋ አካል እንደነበረው ሆኖ መመለሱ እጅግ የማይመስል ነገር ነው። እንግዲህ የኔ የጅብ ጥርስ በአንድ ሌሊት ከየት ይመጣል?

ጥርስ ግን ጭራሽ የላቸውም ማለት አይደለም። ጉሮሯቸው ውስጥ፣ በመጨረሻው የስንጥብ ቅስት ላይ የበቀሉ ጥርሶች አሏቸው። ምግቡን ከራስ ቅሉ ሥር ካለ ጠንካራ ሰሌዳ ጋር እየደፈቁ ያደቁበታል። አፍ ይይዛል፣ ጉሮሮ ያኝካል። ችግሩ ጉሮሮው ጠባብ መሆኑ ነው። የያዙት ዓሣ በዚያች ስንጥቅ ካላለፈ አይበላም። ስለዚህ የጣና አዳኞች ሁሉ የሚበሉት ትንንሽ ዓሣ ነው፤ በተለይ ከጣት ብዙም የማይረዝሙትን ትንንሾቹን የባርበስ ዝርያዎች።

ይባስ ብሎ እነዚህ ዓሦች ጨጓራ የላቸውም። የተዋጠው ቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ዘንዶ አንዴ ውጦ ለሳምንታት ይተኛል፤ ጨጓራ የሌለው አዳኝ ግን የሚያከማችበት ጎተራ ስለሌለው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ይህን ሳነብ ሦስት ሜትሩንም ሠረዝኩት። በትንንሽ ዓሣ፣ በየሰዓቱ እየለቀመ ያን ያህል ገላ የሚቀልብ እንስሳ ኑሮው አይገፋለትም።

እነሆ «አድፋጭ»

ቀጥሎ ዓለሙን መወሰን ነበረብኝ። መጀመሪያ «ከ5 ሚሊዮን ዓመት በኋላ» ብዬ ነበር። ነገር ግን ጥልቀቱ 14 ሜትር የሆነ፣ ወንዞች በየክረምቱ አፈር የሚያስገቡበት ሐይቅ 5 ሚሊዮን ዓመት ይቆያል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ 100 ሺህ ዓመት አወረድኩት፤ ይህም አሁን ያለው ሐይቅ ከሞላ ወዲህ ካለው ጊዜ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። በእኔ ዓለም ጣና በደለል ጠቧል፣ ዳር ዳሩ ሰፊ የደንገል ረግረግ ሆኗል፣ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ድፍርስ ነው። ዛሬ በዓይናቸው እያዩ የሚያድኑት ዓሦች እዚያ ይቸገራሉ። ቦታው ሌላ ዓይነት አዳኝ ይፈልጋል።

የኔን ዓሣ «አድፋጭ» አልኩት። ርዝመቱ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አካሉን አንድ በአንድ ላስረዳ፤ ለእያንዳንዱም «ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

ጆሮው፦ አድፋጭ በድፍርስ ውኃ የሚያድነው በመስማት ነው። ከየት መጣ? የካርፕ ወገኖችና ዘመዶቻቸው የአየር ከረጢታቸውን ከውስጥ ጆሯቸው ጋር የሚያገናኙ አራት ጥንድ ጥቃቅን አጥንቶች አሏቸው። ከረጢቱ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል፣ አጥንቶቹ ንዝረቱን ለጆሮ ያደርሳሉ። በዚህ ምክንያት ከብዙ ሌሎች ዓሦች የተሻለ ይሰማሉ። እኔ ከረጢቱን ትንሽ አስፍቼ አጥንቶቹን ትንሽ አጠንክሬ ተውኩት፤ አዲስ ነገር አልጨመርኩም።

ጢሙ፦ ባርበስ የሚለው ስም «ጢም» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ዛሬ ያሉት ሁለት ጥንድ ጢም አላቸው። የአድፋጭ ጢም ረዝሞ የውኃውን እንቅስቃሴ ይዳስሳል። በጎኑ ላይ ያለው ንዝረት የሚለይ መስመርም ያግዘዋል።

አፉ፦ ውኃ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ጥግግት አለው። አፉን ከፍቶ ወደ ፊት የሚወረወር አዳኝ ውኃውን እየገፋ ምግቡንም አብሮ ይገፋዋል። መፍትሔው መምጠጥ ነው። የነጭ ዓሣ አፍ ዛሬም ወደ ፊት እንደ ቱቦ ይወጣል፤ አፍ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ በድንገት ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንስና ውኃው ከነትንሿ ዓሣ ይገባል። ጭቃ ውስጥ ትል ለመምጠጥ የተሠራ ዕቃ ነው። አድፋጭ ያንኑ ለዓሣ ተጠቀመበት።

ጥርሱ፦ በመንጋጋው ላይ የለም! በታችኛው መንጋጋ ጫፍ ላይ ግን የአጥንት ጉብታ አለው፤ በላይኛው ከንፈር ካለ ጎድጓዳ ጋር ይገጥማል፣ የተያዘው እንዳያመልጥም እንደ ቁልፍ ይዘጋል። በሌሎች የካርፕ ወገን አዳኞች ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ፈጠራ አይባልም።

ኑሮው እንዲህ ነው። ጠዋት የደንገሉ ጥላ ሥር ክንፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይቆማል። የቀረሶ ጫጩቶች ሊለቅሙ ሲመጡ ይሰማቸዋል። አይሮጥም፤ ይጠብቃል። አንድ ክንድ ያህል ሲቀርቡት አፉ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል። ከዚያ እዚያው ይቆማል። በቀን ደጋግሞ እንዲህ ያደርጋል። አያስፈራም። እንዲያውም ትንሽ አሰልቺ ነው። ግን ሊኖር ይችላል።

ከክፍል የተሰነዘሩ ጥያቄዎች

ሁለተኛ ጊዜ ሳቀርብ ማንም «ዋው» አላለም፤ ጥያቄው ግን ዘነበ።

አንዱ «አምባዛውን የት ጣልከው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አምባዛ ጢም አለው፣ እነዚያ የጆሮ አጥንቶችም አሉት፣ ጨጓራም አለው፣ በዚያ ላይ ከአየር መተንፈስ ይችላል። በድፍርስ ውኃ የሚወዳደረው የለም። መልሴ ሰዓትና ቦታ መከፋፈል የሚል ነበር፦ አምባዛ በአብዛኛው ሌሊት፣ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ አድፋጭ ደግሞ ቀን፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ። ጓደኛዬ ግማሽ በግማሽ ተቀበለኝ።

ሌላዋ «ለምን እምቦጭ ሥር አታስደብቀውም?» አለች። እምቦጭ በጣና መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው። መደበቂያነቱ መልካም ነበር። ሆኖም ውኃውን ጥቅጥቅ ብሎ ሲሸፍነው ከሥሩ ኦክስጅን ይቀንሳል። አምባዛ አየር ስቦ ይኖር ይሆናል፤ አድፋጭ ግን በስንጥቡ ብቻ ስለሚተነፍስ ይታፈናል። ስለዚህ ከደንገሉ አልወጣም።

ሦስተኛው «ስንት ይሆናሉ?» አለ። በሥነ ምህዳር ኮርስ የተማርነውን ሻካራ ስሌት ልጠቀም፦ ከአንዱ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል 10 በመቶ ገደማ ነው። 100 ኪሎ ትንንሽ ዓሣ ቢበላ 10 ኪሎ አድፋጭ ይሆናል ማለት ነው። አዳኝ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነ ደግሞ ለመጥፋት ቅርብ ነው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ

መጨረሻ ላይ መምህራችን እጃቸውን አወጡ። «የት ይራባል?» አሉ። «ረግረጉ ውስጥ» ብዬ ልመልስ ስል ራሴን ያዝኩ። ከየት መጣ?

በደንብ ከተጠኑት የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ እንቁላል የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ወራጅ ውኃ፣ ከሥሩም ጠጠር ይፈልጋሉ። እኔ ለአድፋጭ ቅድመ አያትነት የመረጥኩት ዓሣም ወንዝ ወጪ ነበር። ስለዚህ አድፋጭ ረግረግ ውስጥ ቢኖርም ለመራባት ወንዝ መውጣት ነበረበት። ይህን ስጽፍ ደግሞ ከ100 ሺህ ዓመት ርቄ ድንገት ዛሬ ላይ ተገኘሁ።

ወንዝ ወጪ ዓሣ በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ በወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ለመረብ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። በጣና የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ያለው ዓሣ ማስገር የጀመረው በ1986 ነው፤ ቀድሞ በደንገል ታንኳ ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ያህል መውረዱ ተመዝግቧል። በአሥር ዓመት! ዓሣ አስጋሪውም ልጆቹን ማብላት አለበትና ጣት ለመቀሰር አይደለም። ግን አራት ዓሣ ከነበረበት ሦስቱ ሄዱ ማለት ነው።

ይህ የጣና ብቻ ዕጣ አይደለም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ውስጥም የካርፕ ወገን የሆነ፣ መንጋጋው ጥርስ የሌለው አንድ አዳኝ አለ፤ ፓይክሚኖው ይባላል። እዚያም ባለ ጥርስ ተፎካካሪ ስላልነበረ እሱ የወንዙ አለቃ ሆነ። በድሮ ጊዜ እስከ 1.8 ሜትር ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ለመራባት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ግድቦች መንገዱን ከዘጉበትና ውኃውን ካቀዘቀዙበት በኋላ ግን ተመናመነ፤ በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገባ። ሚሊዮን ዓመታት የፈጀ አዳኝ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከብዙ ቦታዎች ተባረረ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሆነው። በ1950ዎቹ ሰው የናይል ፐርችን ከውጭ አምጥቶ ለቀቀ፤ በ1980ዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ የሐይቁ ብቸኛ ዝርያዎች ከመረብ ጠፉ። ጣናን ከዚህ የጠበቀው ፏፏቴው ነው፤ ፏፏቴ ግን በባልዲ ይዞ የሚመጣን ሰው አያቆምም።

ማጠቃለያ

አሳይመንቱ ላይ «ግምቶች» የሚል ሠንጠረዥ ነበር። ደለሉ ይቀጥላል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ፏፏቴው ይቆያል እያልኩ ሞላሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ «ቅድመ አያቱ ዘሩን ይተካል» ብዬ ጻፍኩ። ከግምቶቹ ሁሉ በእኛ ዕድሜ የሚወሰነው ይህ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ከጻፍኩት በኋላ ነው። አድፋጭ እንዲኖር 100 ሺህ ዓመት ያስፈልጋል። እንዳይኖር ግን ጥቂት ክረምቶች ወንዝ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ መዘርጋት ይበቃል።

ያቺን የመጀመሪያ ባለ ጥርስ ሥዕል ከቅርጫት አንሥቼ አስቀምጫታለሁ፤ ለትዝታ። እናንተም እስቲ ሞክሩት። ከጭላዳ፣ ከቀይ ቀበሮ፣ ወይም ከግቢያችን ቁራ ተነሡና የራሳችሁን ፍጥረት ሥሩ። ስታቀርቡልን የምንጠይቃችሁን ግን ከወዲሁ ታውቁታላችሁ፦ ከየት መጣ?

ቸር እንሰንብት።